ምላጭና ክር

አንድ ሙሉ ሪል የስቱዲዮ ክር፣ ማለትም ድምፅ የሚቀረጽበት መግነጢሳዊ ቴፕ፣ 762 ሜትር ይረዝማል። ማሽኑ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ሲያዞረው 33 ደቂቃ ያህል ድምፅ ይይዛል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 76 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ግን ከ16 ደቂቃ ተኩል በኋላ ክሩ ያልቅና ጫፉ ሪሉን እየመታ በባዶ ይዞራል። ግጥምና ዜማ መድረስ ከጀመርኩ ወዲህ ካለፉት ዓመታት የሚበዙትን የኖርኩት በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ነው። የራሴን ዘፈኖች እጽፋለሁ፣ የራሴን ስቱዲዮ አስተዳድራለሁ፣ ለማንም አሳታሚ አልተቀጠርኩም፤ ስቱዲዮዬም ድምፅን የሚቀርጸው በኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በመግነጢሳዊ ክር ላይ ነው። ይህን የሚሰሙ ሰዎች «በዚህ ዘመን ለምን?» እና «ታዲያ በምን ትኖራለህ?» ይሉኛል። ሁለቱንም ቆሜ በችኮላ ልመልሳቸው ስሞክር ሁልጊዜ ግማሹን ስለምተወው፣ አሁን ተቀምጬ ልጽፈው ወሰንኩ።

የመጀመሪያ ዘፈኖቼን የቀረጽኩት በሰው ስቱዲዮ ነበር። ከዚያ በፊት ለዓመታት በደብተር የጻፍኳቸውና በጊታር ያንጎራጎርኳቸው ብዙ ነበሩ፤ ከመካከላቸው አራቱን መረጥኩና የቀረጻውን ወጪ ከሚሸፍንልኝ ሰው ጋር ተስማማሁ። ስቱዲዮው የሚከራየው በሰዓት ስለነበር ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ባለሙያ በየጊዜው የእጅ ሰዓቱን ያያል፤ እኔ ደግሞ እሱን እያየሁ እዘፍናለሁ። በሦስተኛው ዘፈን ላይ አዝማቹ አንድ ዙር እንደበዛበት በግልጽ እየተሰማኝ ለመናገር ድፍረት አጣሁ። አራተኛው ጨርሶ ሳይቀረጽ ቀረ። በቀኑ መጨረሻ የፈረምኩትን ወረቀት አላነበብኩትም ብዬ ላመካኝ አልችልም፤ አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን «ማስተር» የምትለዋ ቃል ምን እንደተሸከመች አልገባኝም ነበር።

ከዓመታት በኋላ እነዚያን ዘፈኖች በራሴ አልበም ውስጥ ላካትታቸው ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ ግጥሙና ዜማው የአንተ ነው፣ ቅጂው ግን የአንተ አይደለም። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት እንዳለ ያን ቀን ተማርኩ። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነትና እሱን ተከትለው የወጡ የየአገሩ ሕጎች ይጠብቁታል፤ ስምምነቱ በኋላ ተሻሽሎ ባገኘው መልኩ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ቢያንስ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ሁለተኛው ያ ድርሰት በአንድ የተወሰነ ቀን፣ በአንድ የተወሰነ ድምፅ የተቀረጸበት ቅጂ፣ ማለትም ያ «ማስተር» ነው፤ ለዚህኛው ዓለም አቀፍ ጥበቃ የሰጠው እ.ኤ.አ. የ1961 የሮም ስምምነት ነው። በሸክላና በሲዲ ጀርባ በክብ ውስጥ የምትታየዋ «ፒ» ፊደል የሁለተኛው ንብረት ምልክት ናት። የቀረጻውን ወጪ የከፈለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቅጂው ባለቤት ይሆናል። እኔ አልከፈልኩም ነበር።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ የኤርኔስት ቡርዤ ታሪክ ነው። ቡርዤ የዘፈን ደራሲ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1847 ፓሪስ ውስጥ ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር አንድ የሙዚቃ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ የገዛ ሥራው ሲዘፈን ሰማ። ሒሳብ ሲጠየቁ፣ ቤቱ በእነሱ ዘፈን እንግዳ እየሳበ ምንም እስካልከፈላቸው ድረስ እነሱም ለጠጡት እንደማይከፍሉ ተናገሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ለደራሲዎቹ ተፈረደ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1851 ሳሴም የተባለው የደራሲያንና የዜማ ደራሲያን ማኅበር ተመሠረተ፣ ዛሬም አለ። በብዙ አገሮች እኛ ደራሲዎች የሮያሊቲ ክፍያ የምናገኝበት ሥርዓት ሐረጉ ሲመዘዝ ወደዚያች ጠረጴዛ ይደርሳል። ቡርዤ የተከላከለው ግን የመጀመሪያውን ንብረት ነው፤ በእሱ ዘመን ሁለተኛው ገና አልተወለደም ነበር። ለእኔ የቀረኝ ሁለተኛውን በእጄ የማስገባበትን መንገድ መፈለግ ነበር። ከወረቀቱ ሁሉ ቀጥተኛ ሆኖ የታየኝ መንገድ ቀራጩም ከፋዩም ራሴ መሆን ነበር።

የመጀመሪያዋ ማሽኔ በጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ፣ ማለትም ጎን ለጎን ሆነው ለየብቻ የሚቀረጹ አራት የድምፅ መስመሮች፣ የምትቀርጽ ናት። ታስካም የተባለው ኩባንያ ፖርታስቱዲዮ ብሎ የዚህን ዓይነት ማሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ባያወጣ ኖሮ እንደ እኔ ያለ ሰው ወደዚህ ሥራ የሚገባበት በር አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ። ካሴቱ ሁለቱንም ፊቱን በአንድ አቅጣጫ ስለሚጠቀምና ከመደበኛው በእጥፍ ፍጥነት ስለሚዞር የ60 ደቂቃ ካሴት 15 ደቂቃ ብቻ ይሰጣል። አራት ትራክ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ጊታሩን፣ ቤዙንና ከበሮውን በሦስት ትራክ ከቀረጹ በኋላ ለድምፅዎ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ተቀባይ ድምፆችን ለመጨመር ከፈለጉ ሦስቱን አቀላቅለው ወደ አራተኛው ማሻገርና ከዚያ ሦስቱን ማጥፋት የግድ ነው። ባሻገሩበት ቅጽበት ቤዙ ከከበሮው አንጻር ምን ያህል እንደሚጎላ ለዘለዓለም ወስነዋል። ነገ «ቤዙ በዛ» ብሎ መመለስ የለም።

በእነዚያ ዓመታት ስንት ሌሊት እንዳሳለፍኩ አላውቅም። ከመሻገሩ በፊት አሥር ጊዜ አዳምጣለሁ፣ ከክፍሉ ወጥቼ በበሩ ክፍተት አዳምጣለሁ፣ በትንሽ ድምፅ ከፍቼ አዳምጣለሁ፣ ከዚያ እጄን አዝራሩ ላይ አድርጌ ደግሞ አመነታለሁ። መጀመሪያ ይህን የማሽኗ ድህነት አድርጌ ነበር የማየው። ቆይቼ ግን በወረቀቱ ላይም አንድ ነገር ሲለወጥ አየሁ። ዘፈኑ ወደ ክር ከመግባቱ በፊት ምን እንደሆነ ማወቅ ስላለብኝ፣ ሦስት አማራጭ ያለው መስመር ይዤ ማሽኗ ፊት መቀመጥ አልችልም ነበር። ቤት ለመምታት ብቻ የገቡ ቃላት እንደ ብርሃን ፊት ጉድፍ ይታዩኝ ጀመር።

ሌስ ፖል በዚህ መንገድ ከሁላችንም ቀድሞ ሄዷል። ጊታር ተጫዋች ነበር፤ በራሱ ቤት ስቱዲዮ ሠርቶ ጊታሩን በጊታሩ ላይ እየደራረበ ይቀርጽ ነበር፤ መጀመሪያ በዲስክ ላይ፣ በኋላም ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ በሰጠው፣ አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሠራው የክር ማሽን ላይ። ማሽኑ ላይ አንድ ተጨማሪ ሄድ (ድምፅን ክሩ ላይ የሚጽፍ ወይም ከክሩ የሚያነብ አካል) አስገጥሞ የቀድሞውን ድምፅ እያጫወተ ከአዲሱ ጋር አዋሕዶ በዚያው ክር ላይ መልሶ ይቀርጻል፤ የቀድሞው በዚያው ይጠፋል። ስድስተኛው ድርብርብ ላይ አንድ ኖታ ቢስት አምስቱም አብረው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 ከአምፔክስ የተረከበው ባለ ስምንት ትራክ ማሽን ዛሬ «መልቲትራክ» የምንለው ነገር ሁሉ አባት ነው። ክሮዝቢም ቢሆን በታሪኩ ውስጥ በአጋጣሚ የገባ አይደለም፤ የሬዲዮ ዝግጅቱን በየጊዜው በቀጥታ ከማቅረብ ይልቅ ቀርጾ ማስተላለፍ ስለፈለገ፣ አሜሪካዊው ጃክ ማሊን ከጀርመን ያመጣቸውን ማግኔቶፎን የተባሉ የክር መቅረጫ ማሽኖች ተቀበለ፣ የአምፔክስንም ሥራ በገንዘቡ ደገፈ። የዚህ ሙያ መሣሪያ የተስፋፋው በመሐንዲሶች ብቻ እንዳልነበረና ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ገንዘባቸውንና ሌሊታቸውን እንደከፈሉበት ሳስብ ብርታት ይሰጠኛል።

ዛሬ ስቱዲዮዬ መሐል የቆመው ማሽን ባለ 24 ትራክ ነው፤ ክሩ ሁለት ኢንች፣ ማለትም አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ማሽኑን ከአንድ ከተዘጋ ስቱዲዮ የገዛሁት ግማሹ ትራክ ሳይሠራ ነበር። ያስተማረኝ ዕድሜያቸው የገፋ ቴክኒሺያን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሙዚቃ እንድሰማበት አልፈቀዱልኝም። የሙከራውን ክር አስገብተው የ1,000 ኸርዝ ቃና ያጫውታሉ፤ «ልጄ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ይሰማሃል?» ይሉኛል። አይሰማኝም። ዐይኔን ጨፍኜ እንደገና። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማሁት፤ እንደ ሩቅ ሰው ትንፋሽ የሚወዛወዝ ነገር ነበር፤ የማሽኑ ጎማ መንኮራኩር አርጅቶ ክሩን እኩል እየሳበው አልነበረም። እሳቸው ይህን ከመጀመሪያው ደቂቃ ያውቁት ነበር፤ እኔ እስክሰማው ግን ጎማውን አልቀየሩም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቁ ለምን እንደሚወደድ ማወቅ ስለሚያዳግት ጥቂት ልበል። ክሩ በአንድ ፊቱ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ በማጣበቂያ የተለበጠበት ቀጭን ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ጀርመናዊው ፍሪትስ ፍሎይመር ይህንኑ በወረቀት ላይ ሠርቶት ነበር፤ ኤ.ኤ.ጌ. የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1935 በርሊን ላይ የመጀመሪያውን ማግኔቶፎን ለሕዝብ አሳየ። ማይክራፎኑ ያመጣው ኤሌክትሪክ በቀራጩ ሄድ ጠባብ ክፍተት ላይ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ብናኞቹም በዚያ ሲያልፉ የመስኩን መልክ ይዘው ይቀራሉ። ለብቻው ግን ደካማውን ድምፅ በታማኝነት አይቀበሉም፤ ስለዚህ የሰው ጆሮ ከሚሰማው እጅግ ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ አብሮ ይጨመርላቸዋል። ባያስ የምንለው ይህ ነው። ክሩ በጉዞው ሦስት ሄዶችን ያልፋል፤ መጀመሪያ አጥፊውን፣ ቀጥሎ ቀራጩን፣ በመጨረሻ አጫዋቹን። አጥፊው የመጀመሪያው እንደሆነ ልብ ይሏል። አዲስ ድምፅ ከመግባቱ በፊት አሮጌው ይወገዳል፤ ማሽኑ የተሠራው እንዲህ ነው።

ቀረጻ ባለበት ማለዳ ሄዶቹን በአልኮልና በጥጥ አጸዳለሁ፣ የተጠራቀመባቸውን መግነጢስ አስወግዳለሁ፣ ከዚያ በ24ቱም ትራክ ላይ የዝቅተኛውን፣ የመካከለኛውንና የከፍተኛውን ቃና ልክ በጠመንጃ መፍቻ እያስተካከልኩ እሄዳለሁ። ሁለት ሰዓት የሚፈጅበት ቀን አለ። ለዚህ ሰዓት ማንም አይከፍለኝም፤ ሆኖም ከማንኛውም ሰዓት ይልቅ የዘፈን መስመር የሚመጣልኝ በዚህ ጊዜ ነው። እጅ በሥራ ተይዟል፣ ጆሮ በአንድ ቃና ላይ ተተክሏል፣ ሐሳብ ብቻውን ቀርቷል። ከደብተሬ ገጾች ብዙዎቹ የአልኮል ጠብታ አለባቸው።

ስለ ድምፁ ጥራት ብዙ ይባላል፤ «የክር ድምፅ ሙቀት አለው» የሚለው በተለይ። እውነት አለበት፤ ክሩ ከሚችለው በላይ ድምፅ ሲሰጡት እንደ ዲጂታል በድንገት አይሰነጠቅም፣ ቀስ እያለ ይጠግብና ጫፎቹን ያለዝባቸዋል፣ በላያቸውም ሃርሞኒክ፣ ማለትም ከዋናው ቃና በላይ አብረው የሚሰሙ ቃናዎችን፣ ይጨምራል። ይህ በተለይ ለከበሮና ለቤዝ ያማረ ነው። ነገር ግን በልኬት ከሄድን ዲጂታል ይበልጥ ታማኝ ነው፤ ክር የራሱ ሹክሹክታ አለው፣ ፍጥነቱም ፍጹም እኩል አይሆንም። ዘፈኖቼን ለአድማጭ የማደርሰው በኮምፒውተር አልፈው ነው፤ መጠባበቂያ ቅጂ የማስቀምጠውም በዚያው ነው። ስለዚህ ጥያቄው የድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ጎማና ሄድ አልሸከምም ነበር።

የምሸከምበትን ምክንያት ቋንቋችን ከእኔ አስቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። በአማርኛ «ቆረጠ» ስንል በምላጭ መቁረጥም ነው፣ ወስኖ መነሣትም ነው፤ «ቁርጡን ንገረኝ» የሚል ሰው የሚጠይቀው የመጨረሻውን እውነት ነው። በክር ላይ ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ይሆናሉ። አንድን ክፍል ማስወጣት ስፈልግ ሪሎቹን በእጄ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዝኩ፣ ከበሮው የተመታበትን ነጥብ በዝግታ ሲያጉረመርም እያዳመጥኩ፣ በክሩ ጀርባ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ ክሩን በብረቱ ቦይ ውስጥ አስተኝቼ በሰያፍ በምላጭ እቆርጠዋለሁ፤ ሰያፍ የሚሆነው መጋጠሚያው በሄዱ ፊት በአንዴ ሳይሆን ተንሸራቶ እንዲያልፍና ድምፁ በድንገት እንዳይቋረጥ ነው። ሁለቱን ጫፎች በልዩ ማጣበቂያ አገጣጥማለሁ። እጄ ላይ የቀረው ቁራጭ አንድ ሰው ያሰበው፣ የዘፈነው፣ የደከመበት ነገር ነው። በኮምፒውተር ላይ ስንቆርጥ ምንም ነገር እጃችን ላይ አይቀርም፤ ለመመለስም አንድ ቁልፍ ብቻ ይበቃል። እኔ ያ ቁልፍ ባለበት ክፍል ውስጥ ጥሩ ዘፈን መጨረስ የማልችል ሰው ነኝ። ሌሎች ይችላሉ፤ አከብራቸዋለሁ።

አንዲት ወጣት የዘፈን ደራሲ የመጀመሪያ ሥራዋን ልትቀርጽ መጣች። ጎበዝ ናት፤ ዜማዋ ሰው የማይጠብቀው ቦታ ላይ ይታጠፋል። በሁለተኛው አንጓ ላይ ግን ቤት ለመምታት ያስገባችው አንድ ቃል ነበር፤ በዘፈነችው ቁጥር ድምፅዋ እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ይሸሻል።

«ጋሼ፣ ለጊዜው እንዲህ እንቅረጸውና ቃሉን በኋላ ብቀይረውስ?»

«በኋላ ማለት መቼ ነው?»

«ሚክስ ስናደርግ። ወይም አሁን አምስት ስድስት ዓይነት አድርጌ ልዝፈነውና ያን ጊዜ እንመርጣለን።»

«ሚክስ ስናደርግ የማዳምጠው ድምፅሽን ነው፤ ቃል አልመርጥልሽም። ክሩ ላይ የቀረን ደግሞ ሁለት ጊዜ የሚያዘፍን ቦታ ነው።»

አዲስ ሪል መክፈት እችል ነበር፤ መደርደሪያው ላይ ነበረኝ። አልከፈትኩም፤ ልክ መሆኔን በዚያን ሰዓት እርግጠኛ አልነበርኩም። ደብተሯን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከበሮ መቺው ሊጠይቃት ሲነሣ በእጄ ያዝኩት። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየች። ስትመለስ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከእሱ በላይ ያለውን መስመርም ለውጣ ነበር፤ ቤቱ አሁን በሙሉ አይመታም፣ ጆሮ ግን አይጎድልበትም። አንድ ጊዜ ዘፈነችው። ሁለተኛውን ዕድል አልተጠቀመችበትም።

ማሽኑ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይክስም፤ የደረሰብኝን ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ እውነት አይሆንም። ከዓመታት በፊት ለብቻዬ በጊታር የቀረጽኩት አንድ ዘፈን ነበረኝ፤ በሌሊት፣ ከጉንፋን በተነሣሁ ሰሞን፣ ድምፄ ከወትሮው ወርዶ ሳለ የተቀረጸ። በማግሥቱ በሌላ ትራክ ላይ ተቀባይ ድምፅ ልጨምር ስል የዋናውን ድምፅ ትራክ ከቀረጻ ዝግጁነት ማውጣት ረሳሁ። ቀዩ መብራት እየበራ ነበር። አጥፊው ሄድ የሚገባውን ሠራ። አንድ አንጓ ተኩል ከጠፋ በኋላ ነው በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የገዛ ድምፄ እንደሌለ የገባኝ። ዘፈኑን ደግሜ ቀርጬዋለሁ፤ አልበሙ ላይ ያለው እሱ ነው፤ ሰዎችም ይወዱታል። የጠፋው ይሻል ነበር። ይህን የምለው በቁጭት ተነሣሥቼ አይደለም፤ የተረፈውን ግማሽ ዛሬም አለኝ፣ አነጻጽሬዋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየትራኩ ላይ መብራቶቹን በጣቴ እየነካሁ ሳልቆጥር አዝራሩን አልጫንም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ፤ በምን እኖራለሁ? በራሴ ዘፈኖች ብቻ አልኖርም። ሙዚቃን በኢንተርኔት የሚያሰማው ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ አንድ ዘፈን ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ካልተደመጠ ምንም አይከፍልበትም። እኔ ካሉኝ ዘፈኖች መካከል ይህን ወለል የሚያልፉት ጥቂት ናቸው፤ ያልፋሉ ያልኳቸውም ቢሆኑ ለአንድ ወር ኑሮ የሚበቃ አያመጡም። ስቱዲዮውን የሚያቆመው የሌሎች ሰዎች ቀረጻ ነው፤ እኔን የሚያቆመኝ ስቱዲዮው ነው፤ ዘፈኖቼ የሚጻፉት በሁለቱ መካከል በሚቀረው ጊዜ ነው። ይህ ስሌት መራራ የሆነባቸው ዓመታት ነበሩ። የሰው ዘፈን እያቀናበርኩ የራሴ ዜማ ከጭንቅላቴ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር። አሁን ለራሴ በየወሩ የተወሰኑ ቀናት እንደ ደንበኛ እመዘግባለሁ፤ ሌላ ሰው ቢመጣም «ተይዟል» እላለሁ።

ከደንበኞቼ የምወስደው የሥራ ዋጋ ብቻ ነው። በቅጂው ላይ ድርሻ አልጠይቅም፤ ክሩን ሲወጡ ይዘው ይሄዳሉ። በዚህ ጉዳይ አርአያ የሆነኝ ስቲቭ አልቢኒ ነው። አልቢኒ እ.ኤ.አ. በ1997 ቺካጎ ውስጥ ኤሌክትሪካል ኦዲዮ የተባለውን ስቱዲዮ ከፍቶ፣ እስከ ሞተበት እስከ ሜይ 2024 ድረስ በክር ሲቀርጽ ኖረ። ራሱም ሙዚቀኛ ነበር። እጅግ ዝነኛ ለሆኑ ባንዶች ሳይቀር ሲሠራ የሮያሊቲ ድርሻ አልወስድም ይል ነበር፤ ዘፈኑ የእነሱ ነው፣ እኔ የቀረጻ መሐንዲስ ነኝ፣ የሠራሁበትን ክፈሉኝ የሚል ነበር አቋሙ። ፕሮዲዩሰር ተብሎ መጠራትንም አይወድም ነበር። ገንዘቡን ሳሰላው አንዳንድ ጊዜ ያጓጓኛል፤ ድርሻ ጠይቄባቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የተሻለ የምሆንባቸው ሁለት ሦስት ሥራዎች አሉ። ነገር ግን ያን ወረቀት የፈረምኩበትን ቀን ስላልረሳሁ፣ በመስታወቱ በዚህኛው ወገን ተቀምጬ ለሌላ ሰው ያንኑ ወረቀት መዘርጋት አልቻልኩም።

ክሩ ራሱ የሚገኝበት ነገርም አሳሳቢ ሆኖ ያውቃል። በጥር 2005 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው ትልቅ የስቱዲዮ ክር አምራች የነበረው የአሜሪካው ኳንተጂ ፋብሪካውን በድንገት ሲዘጋ፣ በዓለም ዙሪያ ያለን ባለስቱዲዮዎች በየመጋዘኑ ያለውን መልቀም ጀመርን። እኔም ተበድሬ ገዝቻለሁ። በኋላ በአሜሪካ ኤ.ቲ.አር. ማግኔቲክስ፣ በፈረንሳይም ሪከርዲንግ ዘ ማስተርስ ማምረት ስለያዙ ሥራው ቀጠለ። ክር ግን ውድ ነው፤ አንድ ባንድ አዲስ ሪል መግዛት ካልቻለ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠቀምኩበትን አከራየዋለሁ፣ ሚክሱ ካለቀ በኋላ እንዲጠፋ ተስማምተን። ይህን ሲሰሙ የሚደነግጡ አሉ።

የቆዩ ክሮች ደግሞ ሌላ ሥራ አመጡልኝ። በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ አንዳንድ ክሮች ብናኙን የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት እየሳበ ይሟሟል፤ ማሽን ላይ ሲደረጉ ሄዱ ላይ ይጣበቃሉ፣ ይጮኻሉ፣ ድምፁን ተሸክሞ የነበረውን ቡናማ ብናኝ ያራግፋሉ። መድኃኒቱ እንግዳ ነው፤ ክሩ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት ይጋገራል፣ ከዚያ ቶሎ ወደ ሌላ መገልበጥ አለበት። አንዲት አረጋዊት እናት በከረጢት አምጥተው የሰጡኝ ሪል እንዲህ ያለ ነበር፤ ሟቹ ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ከባንዳቸው ጋር የተቀረጹት ነው። «ልጄ፣ ዘፈኑን ተወው፣ ድምፁን ብቻ ባሰማኸኝ» አሉኝ። ጋገርኩት፣ አንድ ቀን ጠብቄ አስነሣሁት። ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ለባንዱ ሲቆጥሩ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከቁጥሩም በፊት ያው ቁጥር በጣም ርቆ እንደ ማሚቶ ይሰማል፤ ክር ተጠምጥሞ ብዙ ዘመን ሲቀመጥ የአንዱ ዙር መግነጢስ በጎረቤቱ ዙር ላይ በስሱ ስለሚታተም ነው። ባለሙያዎች ክርን መጨረሻውን ወደ ውጭ አድርገው የሚያስቀምጡት ይህ ማሚቶ ከድምፁ በኋላ እንዲወድቅና እንዳይሰማ ነው። ይህኛው ያለ ጥንቃቄ የተቀመጠ ነበር። ማሚቶውን ላጠፋላቸው እችል እንደነበር ስነግራቸው እሳቸው እንዲቀር ጠየቁኝ፤ «ሁለት ጊዜ ጠራን እኮ» አሉ።

አሁን የምሠራው የራሴን ነው። የዚህ ወር ቀናቴን ያስያዝኩት ከሁለት ዓመት በፊት ለጀመርኩት ዘፈን ነበር፤ ሦስት አንጓ አለው፣ ሦስተኛው ከሁሉ የደከምኩበት ነው። ባንዱ በአንድ ክፍል ሆኖ ተጫውቶ ባለፈው ሳምንት ቀረጽነው። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ሳዳምጠው ሁለተኛው አንጓ ሲያልቅ ነገሩ እንዳለቀ ይሰማኛል፤ ሦስተኛው የሚለው ሁሉ በአዝማቹ ውስጥ አስቀድሞ ተብሏል። በመጀመሪያው ስቱዲዮ አዝማቹ ረዝሟል ብዬ ለመናገር ያጣሁትን ድፍረት አሰብኩ፤ ያ ዘፈን እንደረዘመ ዛሬም በሰው እጅ አለ።

ትናንት ሌሊት ሪሎቹን በእጄ እያወዛወዝኩ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ የመጀመሪያውን የከበሮ ምት አገኘሁ፤ ምልክት አደረግሁ። ከሦስተኛው አንጓ በኋላ ያለውንም አገኘሁ። ለባንዱ ደወልኩና ጠየቅኋቸው፤ ቤዝ ተጫዋቹ ዝም ካለ በኋላ «እሺ፣ ቁረጠው» አለኝ። አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጣሁ። የወጣው ክፍል 22 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ከስምንት ሜትር ጥቂት ይበልጣል። መጋጠሚያውን ሦስት ጊዜ አጫወትኩት። ከዚያ ቁራጩን በትንሽ መጠቅለያ ላይ መጨረሻውን ወደ ውጭ አድርጌ ጠመጠምኩት፤ በላዩ የዘፈኑን ስም፣ ቀኑንና «3ኛ አንጓ» ብዬ ጻፍኩና ከሌሎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።